ከላይ የሚመጣና ከጎን የሚመጣ ጭነት፤ ስለ ኪዊና ስለ አንዲት የሌሊት ወፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ኮንክሪት ወይም ስለ መንገድ ሥራ እናገራለሁ ብሎ እንደ ጠበቀ አልጠራጠርም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ከአንድ የአጥር ንድፍ ተነሥቼ ወዳላሰብሁት ጉዳይ ስለ ገባሁ፣ ዛሬ ስለ አንድ ወፍና ስለ አንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ እንድናገር ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ነገሩ ከሙያችን የራቀ ቢመስልም፣ በመጨረሻው ወደ ሙያችን እንደሚመልሰን ተስፋ አደርጋለሁ።

ወፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በከተሞቻችን ጎዳና ላይ ሊስትሮዎች በሣጥናቸው ከሚይዟቸው የጫማ ቀለም ቆርቆሮዎች በአንዱ ክዳን ላይ ሥዕሉ አለ። ክብ ሰውነት፣ ረዥም ቀጭን መንቁርና ጠንካራ እግር ያለው፣ ክንፍ ግን የማይታይበት ፍጥረት ነው። በልጅነቴ ይህ ሥዕል፣ ሠዓሊው ክንፉን መሣል የረሳው ዶሮ ይመስለኝ ነበር። ሠዓሊው ግን አልረሳም። ቀለሙን በ1906 ዓመተ ምሕረት በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ የሠራው ዊልያም ራምሴ የተባለ ሰው፣ ባለቤቱ የኒው ዚላንድ ተወላጅ ስለ ነበረች የአገሯን ወፍ ስም ለሸቀጡ ሰጠው። ወፉም ኪዊ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።)

ሁለተኛዋ የዚያው የኒው ዚላንድ ደን ነዋሪ ስትሆን፣ ወገኗን አማርኛችን «የሌሊት ወፍ» ብሎ ይጠራዋል። አባቶቻችን ሲያጫውቱን፣ የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሊጠይቋት ሲመጡ ጥርሷን አሳይታ «እኔ አይጥ ነኝ» ትላለች፤ አይጦች ሲመጡባት ደግሞ ክንፏን ዘርግታ «እኔ ወፍ ነኝ» ብላ ትመልሳቸዋለች ይሉ ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ጉዳዩን ከቈረጡት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ጠጉር ያላት፣ ልጇን ወልዳ የምታጠባ፣ ስለዚህም አጥቢ እንስሳ ናት። ይሁን እንጂ በ2021 የኒው ዚላንድ ሕዝብ በየዓመቱ «የዓመቱ ወፍ» ብሎ በሚመርጥበት ውድድር ላይ፣ ረዥም ጅራት ያላት የአገሩ የሌሊት ወፍ ከወፎች ጋር ቀርባ አንደኛ ወጣች። ብዙ ሰዎች በዚህ ተገርመው ተከራክረዋል። በአማርኛ የሚናገር ሰው ቢሆን ኖሮ ስሟን ብቻ ሰምቶ ድምፁን ይሰጣት እንደ ነበረ እገምታለሁ።

እኔ ዛሬ የምናገረው ውድድሩን ስላሸነፈችው ሳይሆን፣ በዚያው አገር ስለምትኖረው አጭር ጅራት ስላላት ትንሿ የሌሊት ወፍ ነው። ማኦሪዎች፣ ማለትም የአገሩ ቀደምት ሕዝብ፣ ሁለቱንም የሌሊት ወፎች ፔካፔካ ይሏቸዋል። ንግግሬን ለማሳጠር እኔም ትንሿን ፔካፔካ እያልሁ እጠራታለሁ።

ሥራው አንድ፣ አካሉ ሁለት

ኒው ዚላንድ ከሌሎች አህጉሮች ተለይታ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት የኖረች የደሴቶች አገር ናት። ሰው ወደዚያ ከመድረሱ በፊት፣ በባሕር ዳር ከሚያርፉት የባሕር እንስሳት በስተቀር፣ ከአጥቢ ወገን የነበሯት የሌሊት ወፎች ብቻ ነበሩ። አይጥ፣ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ድመት አልነበረባትም። በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት ከ16 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው አይጥ የሚያህል የአጥቢ እንስሳ የመንጋጋ አጥንት ስለ ተገኘ፣ በጥንት ዘመን ቢያንስ አንድ ትንሽ የየብስ አጥቢ እንደ ነበረ ታውቋል። ዘሩ ግን ጠፍቷል። ስለሆነም በሌሎች አገሮች ትናንሽ የደን አጥቢ እንስሳት የሚይዙት የሥራ ቦታ፣ ማለትም በሌሊት እየወጡ በወደቀ ቅጠል መካከል ትልና ነፍሳትን መልቀም፣ በዚያ ደን ለረዥም ጊዜ ክፍት ሆኖ ቈየ። ያን ቦታ ከወፎች ወገን ኪዊ፣ ከሌሊት ወፎች ወገን ደግሞ ፔካፔካ ያዙት።

በመጀመሪያ ኪዊን እንመልከት። አምስት ዐይነት ኪዊ አለ። ቡናማው ኪዊ ዶሮ ያህላል፤ ሴቷ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ትመዝናለች። ላባው ለመብረር ስለማያገለግል ለስላሳና ጠጉር መሰል ሆኗል። በፊቱ ላይ እንደ ድመት ጢም የረዘሙ ላባዎች አሉት፤ በጨለማ መንገዱን የሚዳስሰው በእነርሱ ነው። የሌሎች ወፎች አፍንጫ ከመንቁራቸው ሥር አጠገብ ሲሆን፣ የኪዊ አፍንጫ ግን በመንቁሩ ጫፍ ላይ ነው፤ መንቁሩን ወደ አፈር እየሰካ የምድር ትልን በሽታ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ በመንቁሩ ጫፍ ላይ የአፈርን እንቅስቃሴ የሚያስታውቁ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉት። ዐይኑ ትንሽ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከብዙዎቹ ወፎች ያነሰና ለአጥቢዎች የቀረበ ነው። በራሪ ወፎች ክብደት ለመቀነስ ባዶና አየር የሞላባቸው አጥንቶች ሲኖሯቸው፣ የኪዊ የእግር አጥንት ግን መቅኔ አለበት። ቀን በጉድጓድ ይተኛል፣ ሌሊት ይወጣል። ሳይንቲስቶች ኪዊን «የክብር አጥቢ» እያሉ መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ደግሞ ፔካፔካን እንመልከት። ክብደቷ 12 እስከ 15 ግራም ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። እንደ ሌሎች የሌሊት ወፎች ትበራለች። ነገር ግን ምግቧን ከምትፈልግበት ጊዜ ከፊሉን የምታሳልፈው በመሬት ላይ እየሄደች ነው። መሬት ስትወርድ ስሱን የክንፏን ቆዳ አጥፋ፣ በጎኗ ባለው ወፍራም ቆዳ ሥር እንደ ሰይፍ በሰገባ ትከተዋለች፤ ከዚያም በእጇ አንጓና በኋላ እግሮቿ በአራት እግር ትሮጣለች። ጥፍሮቿም ለመቧጠጥና ለመውጣት እንዲረዷት ተጨማሪ ሹል ጫፍ አላቸው። ነፍሳትን፣ ፍሬን፣ የአበባ ወለላን ትመገባለች። በዚያ ደን ውስጥ በሌሎች ዛፎች ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ አበባው ከመሬት ጋር እኩል የሆነ አንድ ተክል አለ። ማኦሪዎች የሙታን ዓለም አበባ ይሉታል። ወለላውን ልትጠጣ በመሬት እየሄደች የምትመጣው፣ የአበባውንም ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው ፔካፔካ ናት።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ነገሩን በእኛ ቋንቋ ብንገልጸው፣ አንድ ዐይነት ሥራ ለሁለት የተለያዩ መሐንዲሶች ተሰጠ ማለት እንችላለን። አንደኛው በእጁ የነበረው ዕቃ የወፍ አካል፣ የሁለተኛው የአጥቢ አካል ነው። ወፉ ክንፉን ጥሎ አፍንጫውን ወደ ፊት አመጣ፤ አጥቢዋ ክንፏን ሳትጥል ማጠፊያ ሠራችለት። ወፉ አጥቢ መሰለ፤ ወፍ መሳዩዋ አጥቢ ደግሞ በእግር ሄደች። መመሳሰላቸው ከዝምድና የመጣ ሳይሆን ከሥራው የመጣ ነው።

ይህ ሲባል ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ላይ እንዳንወድቅ እፈራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በአገሩ የመሬት ላይ ጠላት ስላልነበረ ሁለቱም ሰንፈው ከሰማይ ወረዱ የሚል ነው። ማስረጃው ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት በአውስትራሊያ የተገኙ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸውን የፔካፔካ ጥንታዊ ዘመዶች አጥንት መርምሮ፣ እነዚያም በእግር ለመሄድ የሚያስችል አካል እንደ ነበራቸው አመለከተ። አውስትራሊያ ደግሞ የመሬት ላይ አዳኞች የነበሩባት አገር ናት። ስለዚህ መሬት ላይ መሄድ ብቻውን የስንፍና ምልክት አይደለም። ስለ ኪዊም በ2014 የታተመ የዘር ጥናት፣ የቅርብ ዘመዱ በማዳጋስካር ይኖር የነበረው፣ ዛሬ የጠፋው ግዙፉ የዝሆን ወፍ መሆኑን አሳይቷል። በመካከላቸው ያለውን ውቅያኖስ ስንመለከት፣ የኪዊ አባቶች ወደ ኒው ዚላንድ የመጡት በርረው እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። አንድ መዋቅር ዛሬ የቆመበትን መሬት ብቻ አይቶ ስለ አነዳደፉ መፍረድ ስሕተት መሆኑን እኛ መሐንዲሶች በሚገባ እናውቃለን።

ጭነቱ የመጣው ከየት ነበር?

ደግሞም በዚያ አገር ጠላት አልነበረም ማለት ትክክል አይደለም። ነበረ፤ ነገር ግን ከላይ ይመጣ ነበር። በኒው ዚላንድ ሰማይ ላይ ዛሬ የጠፋ እጅግ ግዙፍ ንስር፣ ጭልፊትና ጉጉት ያድኑ ነበር። እነዚህ አዳኞች በተለይ በዐይናቸው፣ ጉጉትም በጆሮዋ ጭምር የሚያድኑ ናቸው። ለእነርሱ የሚሆነው መከላከያ የታወቀ ነው፤ የመሬት ቀለም መልበስ፣ በሌሊት መውጣት፣ አደጋ ሲመጣ ሳይንቀሳቀሱ ቀጥ ብሎ መቆም። ኪዊ ይህን ሁሉ በሚገባ ያደርጋል።

ከአጥቢ ወገን የሆነው አዳኝ ግን በአፍንጫው ያድናል፤ የሚመጣውም ከመሬት ነው። ቀለም አያታልለውም። ቀጥ ብሎ የቆመ ኪዊ ከንስር ይድን ይሆናል፤ ለውሻ ግን የቀረበ ምግብ ነው። በጉድጓድ የተኛ ኪዊም ሆነ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ተጠጋግተው የተኙ በሺህ የሚቈጠሩ የሌሊት ወፎች፣ ሽታቸው ራሱ አድራሻቸውን ይናገራል።

ይህን በማነብበት ጊዜ የታሰበኝ የድንጋይና የጭቃ ግንብ ነው። ያለ ብረት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት፣ ከላይ የሚመጣበትን ጭነት መቶ ዓመት ተሸክሞ ሊቆም ይችላል። ጥንካሬው የታመነ ይመስላል። ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ ግን ጭነቱ ከጎን ይመጣበታል፤ በአንዲት ደቂቃም ይፈርሳል። ግንበኛው ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም። ግንቡ ያልተጠየቀውን ጥያቄ መመለስ ስላልቻለ ነው። ኪዊና ፔካፔካም እንዲሁ ናቸው።

አንዲት ውሻና አንድ ድመት

ከጎን የመጣው ጭነት ምን ያህል እንደ ሆነ ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ።

በ1987 በአገሩ ሰሜን ባለው በዋይታንጊ ደን ተመራማሪዎች በ24 ኪዊዎች ላይ የራዲዮ መከታተያ አስረው ያጠኗቸው ነበር። በስድስት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከእነዚህ 13ቱ ተገድለው ተገኙ። ገዳይዋ አንዲት ውሻ ነበረች። በደኑ ይኖሩ ከነበሩት 900 ያህል ኪዊዎች ውስጥ እስከ 500 የሚደርሱትን እንደ ገደለች ተገምቷል። ውሻዋ አብዛኞቹን አልበላቻቸውም። እዚህ ላይ የአካሉን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ዶሮ የበለተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የወፍ ፍርምባ መካከሉ ላይ ወደ ፊት የወጣ አጥንትና በሁለት ወገን ወፍራም ሥጋ አለው፤ ይህም የሚበርበት ጡንቻ ነው። ኪዊ መብረር ስለ ተወ ይህ አጥንትና ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ደረቱ እንደ ሣሣ ግድግዳ ሆኖ፣ ውሻ ለጨዋታ ብቻ በአፏ ብትይዘው እንኳ ይሰበራል።

ሁለተኛው ታሪክ የፔካፔካ ነው። በ2010 በሩአፔሁ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ደን ውስጥ፣ አንድ ድመት በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ፔካፔካዎችን ገደለ። ድመቱ ከተያዘ በኋላ ግድያው ቆመ።

አንዲት ውሻ፣ አንድ ድመት። ባልደረቦቼ፣ እኛ በንድፍ ሥራችን የደኅንነት ህዳግ የምንለው ነገር፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሁሉም እንዳይወድቅ የምናኖረው ትርፍ ዐቅም ነው። እነዚህ ሁለት ፍጥረታት ለዚህ ዐይነቱ ጭነት ትርፍ ዐቅም የሚባል ጨርሶ የላቸውም።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው ጠላት

ይህ ጭነት በራሱ ፈቃድ ወደዚያ አገር አልገባም። ማኦሪዎች በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲደርሱ አይጥና ውሻ ከእነርሱ ጋር መጡ። ኋላም ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ሌሎች የአይጥ ዐይነቶችን፣ ድመትንና ጥንቸልን ይዘው ገቡ። ጥንቸል ጠላት በሌለበት አገር እጅግ ተባዝታ የበጎችን ግጦሽ ጨረሰች። ገበሬዎቹም መፍትሔ ጠየቁ።

የተገኘው መፍትሔ ስቶት ይባላል። ከእኛ አገር ሙጭልጭላ ጋር የሚመሳሰል፣ ቀጭን፣ ፈጣንና ደፋር ሥጋ በል ነው። በአገሩ በአውሮፓ ጥንቸልን እየተከተለ ይገድላል። ስለዚህ ከ1880ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ስቶቶች በመርከብ እየተጫኑ መጥተው ተለቀቁ። ስለ ወፎች የሚያውቁ ሰዎች በጊዜው አስጠንቅቀው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ስቶት ዛፍ ይወጣል፣ ይዋኛል፣ ጉድጓድ ይገባል። ከጥንቸል ይልቅ ለመያዝ የሚቀል ነገር በደኑ ውስጥ ባገኘ ጊዜ ወደዚያው ዞረ። ጥንቸሎቹም አልጠፉም።

የኪዊ ጫጩት ታሪክ በተለይ የሚያሳዝን ነው። የኪዊ እንቁላል ከእናቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉን ብዙ ጊዜ የሚታቀፈው አባቱ ሲሆን፣ ከ70 እስከ 90 ቀን ይፈጅበታል። ጫጩቱ ሲፈለፈል ሙሉ ላባ ለብሶ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃው አስኳል በሆዱ ይዞ ይወጣል። ወላጆቹ አይመግቡትም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቻውን ወደ ደን ይገባል። ይህ ሁሉ ንድፍ በቀድሞው ደን መልካም ነበር። ዛሬ ግን ጥበቃ በማይደረግበት ደን ውስጥ ከ100 ጫጩቶች 95 ያህሉ ለመራባት ሳይበቁ ይሞታሉ፤ ከገዳዮቹም ዋናው ስቶት ነው። ጫጩቱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ ግን በእግሩ ተራግጦ ስቶትን ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ችግሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ዛሬ በጠቅላላው 70,000 ገደማ ኪዊ አለ ተብሎ ይገመታል፤ ጥበቃ በማይደረግበት ስፍራ ቁጥሩ በዓመት በ2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በዚህ ፍጥነት የሚቀንስ ነገር በ35 ዓመት ውስጥ ግማሽ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ጥገናው እንዴት እየተካሄደ ነው?

አሁን ወደ ተነሣሁበት አጥር ደረስሁ። በዌሊንግተን ከተማ ጠርዝ ላይ፣ ዚላንዲያ በሚባል 225 ሄክታር ሸለቆ ዙሪያ በ1999 የተጠናቀቀ 8.6 ኪሎ ሜትር አጥር አለ። ከፍታው 2.2 ሜትር ነው። የሽቦ መረቡ ቀዳዳ ጣት የማያስገባ ነው። ከላይ እንዳይወጡበት ወደ ውጭ የታጠፈ የብረት ክዳን፣ ከታች እንዳይቆፍሩበት በመሬት ውስጥ ወደ ውጭ የተዘረጋ መረብ አለው። ከመሠራቱ በፊት ልዩ ልዩ እንስሳት በሙከራ አጥሮች ላይ ተለቀው፣ ምን ያህል እንደሚዘሉና እንዴት እንደሚወጡ ተመርምሯል። እኔ በመጀመሪያ ያነበብሁት ይህን ነበር። ንድፉን ካደነቅሁ በኋላ «በውስጡ የሚኖረው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱም ትንሹ ነጠብጣብ ኪዊ ሆኖ አገኘሁት። እንደዚሁ በማውንጋታውታሪ ተራራ ዙሪያ 3,400 ሄክታር የሚከብብ 47 ኪሎ ሜትር አጥር ተሠርቷል። ይህም ሆኖ አጥር ሁሉን አይችልም፤ በዚላንዲያ ትንሿ አይጥ እስከ ዛሬ ጨርሳ አልጠፋችም።

ከአጥር ውጭ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጥመዶች ይጠመዳሉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የኪዊ እንቁላል ከደን እየተሰበሰበ፣ በማስፈልፈያ ተፈልፍሎ፣ ጫጩቱ 1 ኪሎ ገደማ ሲሆን ወደ ደኑ ይመለሳል። በእኛ አነጋገር፣ ኮንክሪቱ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ድረስ በድጋፍ እንጨት እንደ ማቆየት ያለ ነው። ውጤቱም ታይቷል፤ በ2017 ከአምስቱ የኪዊ ዐይነቶች ሁለቱ በዓለም አቀፍ የአደጋ መዝገብ ላይ ከነበሩበት ደረጃ ወደ ተሻለ ደረጃ ተሸጋገሩ።

ለፔካፔካ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም። አጥር አይዛትም፤ በላዩ በርራ ትሄዳለች፣ ምግቧንም ከአጥሩ ውጭ ትፈልጋለች። ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ማስፈርም አስቸጋሪ ነው፤ በ2005 ወደ ካፒቲ ደሴት ለማዛወር የተደረገው ሙከራ አልሰመረም። የምታድረው ሽንቁር ባላቸው ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ውስጥ ነው፤ እንደዚህ ያለው ዛፍ ደግሞ በመቶ የሚቈጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። ከዚህም የባሰ ነገር በ2009 ደርሷል። በፑሬኦራ ደን ውስጥ አይጥን ለማጥፋት የተቀመጠ መርዝ ከ100 በላይ ፔካፔካዎችን ገደለ። መሬት ላይ ሄዳ ከነፍሳት እስከ ወለላ ሁሉን የምትቀምስ በመሆኗ፣ ለአንዱ ተብሎ የተዘጋጀው መድኃኒት ለእርሷ ሞት ሆነ። የአክስቷ ልጅ የምትባለው ታላቋ አጭር ጅራት የሌሊት ወፍ ደግሞ፣ አይጦች በመርከብ ወደ መጨረሻ መጠጊያዋ ደሴት ከገቡ በኋላ፣ በ1967 ለመጨረሻ ጊዜ ታየች።

በእኔ አስተያየት በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ኪዊን እንቁላል በእንቁላል፣ ጫጩት በጫጩት ማዳን ይቻላል። ሥዕሉ በቆርቆሮም በገንዘብም ላይ ስላለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ይረዳዋልም። ፔካፔካን ግን ነጥሎ ማዳን አይቻልም፤ የምትድነው አሮጌው ዛፍ፣ የመሬቱ አበባ፣ የደኑ ጸጥታ አብረው ከዳኑ ብቻ ነው። የወፉ ጥያቄ «ጠብቁኝ» የሚል ሲሆን፣ የአጥቢዋ ጥያቄ «ቤቴን ጠብቁልኝ» የሚል ነው። አንደኛውን ሰምቶ ሁለተኛውን መርሳት ቀላል ነው።

ወደ ሥራችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ያወራሁላችሁ የሩቅ አገር ሰዎችን ስሕተት ለመቊጠር አይደለም። እኛም ስቶት የመሰለ መፍትሔ እናውቃለን። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ በአፋር ምድር የተተከለው፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አፈርን ለመያዝና በረሃን ለማልማት በቅን ልቡና ታስቦ ነበር። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሮ የአርብቶ አደሩን ግጦሽና የውኃ ዳር መንገድ ዘግቷል።

ከሌላው ጥፋት ይልቅ ግን የራሴን ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ በአንድ ተራራማ ወረዳ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። በመንገዱ ጎን የሚወርደውን ጎርፍ ሰብስቤ፣ ወጪ ለመቀነስ ብዬ በጥቂት ትልልቅ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎች እንዲወጣ አደረግሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ቱቦዎቹ የታሰበውን ውኃ ያለ ችግር አሳለፉ፣ መንገዱም አልተጎዳም። አለቆቼም አመሰገኑኝ። ከሦስት ክረምት በኋላ በዚያው ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስቆሙኝ፤ ከቱቦው በታች ወዳለው ማሳቸው ወስደው ሰው የሚውጥ ቦረቦር አሳዩኝ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት እኩሌታው ሄዷል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ውኃውን ከመንገድህ ላይ አወጣኸው፤ መልካም አደረግህ። የት እንደ ሰደድኸው ግን ጠይቀህ ነበር?»

«አባቴ፣ አልጠየቅሁም» አልኋቸው። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ያ ቁልቁለት ከመንገዱ በፊትም ዝናብ ይዘንብበት ነበር፤ ነገር ግን ውኃው በሰፊው ተበታትኖ ይወርድ ነበር እንጂ በአንድ አፍ ተጠራቅሞ አልመጣበትም። መሬቱ ለለመደው ጭነት ጠንካራ ነበር። እኔ ያመጣሁበት ጭነት ግን አዲስ ነበር። በኋላ ተጨማሪ ቱቦዎች ተቀበሩ፣ በቦረቦሩም ውስጥ የድንጋይ ክትር ተሠራ። ቦረቦሩ ቆመ፤ የሄደው አፈር ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። ለምናቀርበው ንድፍ ሁሉ የጥንካሬ ስሌትና የወጪ ግምት እናያይዛለን። ከእነዚህ ጋር አንዲት ገጽ ብትጨመርና ሦስት ጥያቄዎች ቢመለሱባት ምን ይከብደናል? አንደኛ፣ ይህ ቦታና በውስጡ የሚኖሩት እስከ ዛሬ የተሸከሙት ጭነት ምን ዐይነት ነው፣ ከየትስ ወገን ይመጣ ነበር? ሁለተኛ፣ እኛ የምናመጣው አዲስ ነገር ከእጃችን ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ ጉዳቱን ከሁሉ በፊት የሚያየው ማን ነው፣ እርሱንስ ጠይቀናል? ገጿ ረዥም መሆን አያስፈልጋትም። በ1880ዎቹ ስቶትን በመርከብ የጫኑት ሰዎች እንዲህ ያለ ገጽ ቢሞሉ ኖሮ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልሱላቸው የወፍ ዐዋቂዎች በአጠገባቸው ነበሩ። እኔም ብሞላ ኖሮ፣ ሽማግሌው ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ይኖሩ ነበር።

በ2016 የኒው ዚላንድ መንግሥት ስቶትን፣ አይጥንና የመሳሰሉትን እስከ 2050 ድረስ ከአገሩ ለማጥፋት ዕቅድ ማውጣቱን አስታውቋል። የአንድ ዘመን መፍትሔ ረዥም የጥገና ሥራ አስከትሏል ማለት ነው። ይሳካላቸው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

የጫማ ቀለሙን ቆርቆሮ ዛሬም በየመንገዱ አየዋለሁ። ክንፉን መሣል የረሳ ሠዓሊ አለ ብዬ አሁን አልፈርድም። ያልጠየቅሁት ነገር መኖሩን ያስታውሰኛል እንጂ።